ክብር ለቀጠሮ ቀሪዎች

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ቀጠሮ ሳልይዝ ሄጄ «ዛሬ ሞልቷል፤ የሚቀር ካለ ጠብቅ» ተባልኩ። ጠበቅኩ። ነርሷ ስም ትጠራለች፤ ዝም። ደግማ ትጠራለች፤ የጣሪያው ቬንትሌተር ብቻ ይንቋቋል። ከቀጠሮ የቀሩት ሁሉ ግን ከዋዜማው በስልካቸው የማስታወሻ መልእክት ደርሷቸዋል።

ኮፍያዬን አንስቻለሁ። ድሮ የሚቀር ሰው «ረሳሁት» ይል ነበር፤ ይሄማ ማንም ይችለዋል። ስልክ ኪስ ውስጥ እየጮኸ መቅረት ነው ሙያ!

የሙያው አባት ጎረቤቴ ናቸው፤ የደም ግፊት ክትትል አላቸው። መልእክቱ «ቀጠሮዎ 05/10፣ 9:00» ይላል። ጋሼ ቆጠሩ። አሥረኛው ወር ሰኔ ነው፤ ገና ስምንት ወር አለ ብለው ጋደም አሉ። ልጃቸው «አባዬ፣ በፈረንጅ ነው፤ መስከረም 25፣ ነገ!» ሲላቸው ወደ ሰዓቱ ዞሩ። «ዘጠኝ ሰዓት? በበርጫ ሰዓት? አቦ፣ ሐኪሙስ ይገኛል?» ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት እንደሆነ ሲነገራቸው ደግሞ «ታዲያ ሦስት ነው አይሉም ነበር?» ብለው ተቀየሙ። የተቀየመ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም።

በነጋታው ሦስት ተኩል ላይ ነርሷ እኔው ፊት ደወለችላቸው። «መንገድ ላይ ነኝ ልጄ!» ከኋላቸው የባለቤታቸው ድምፅ «ቁርሱ በረደ» ይላል። አራት ሰዓት ላይ ባጃጁ ጎማው ፈነዳ። አምስት ሰዓት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። (የ1998ን ጎርፍ ያየ ድሬ በደቻቱ አይቀልድም፤ ጋሼ ግን ለቀጠሮ ሲሆን የማይምሉበት የለም።) ወረፋቸው ግን እንደተያዘ ነው፤ መንገድ ላይ ናቸዋ!

አጠገቤ ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት ትኩሳት ያለበት ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሞልቷል ተብላለች። በምን ሞላ? በሌሉ ሰዎች! ይሄ አያስቅም። የቲቢ መድኃኒቱን 6 ወር መጨረስ አቅቶት ቀጠሮ እየዘለለ፣ መድኃኒት የተላመደ በሽታ ለሰፈሩ የሚያድለውም አያስቅም። የድሬን ሰው በፈረንጅ ሰዓት የምትቀጥሩት እናንተም ብትሆኑ፣ አንዲት «ጠዋት» የምትል ቃል ስንት ትከፈላለች?

ትናንት ማታ የጋሼ ስልክ እንደገና ጮኸ። ሳያዩት አቀበሉኝ።

«ሎተሪ ከሆነ ብቻ ንገረኝ።»