ጀርባ ያለው ወንበር

በበሬ ሥር የገባው በራሪ ወረቀት በአማርኛ ነበር። የምኖረው ከዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እዚህ አማርኛን በምግብ ቤት ታፔላ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ከመንግሥት ቤት በአማርኛ ተጽፎ ሲመጣልህ ግን፣ ስንት ዓመት ብትቆይም፣ ደስ ይላል። ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች፤ መሥሪያ ቤቶቿ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረውን ሰው በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ታዝዛለች። ዋና ዋና ወረቀቶች ከሚተረጎሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ የኛው ነው። በዙሪያዋ ያሉ አካባቢዎችም ልማዱን ይዘውታል።

ታዲያ በሩ ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት። «የሰፈርዎን የመኪና ማቆሚያ እንደገና ለመንደፍ የእርስዎን ሃሳብ እንፈልጋለን» ይላል። ከጽሑፉ በታች ያለው ሥዕል ግን ዛፍና ዥዋዥዌ ነው። መኪና የሚባል ነገር የለበትም።

ገልብጬ እንግሊዝኛውን ሳየው ገባኝ። ጉዱ «ፓርክ» የምትለዋ ቃል ናት። ተርጓሚው ይሁን ማሽኑ እንጃ፣ መናፈሻውን መኪና ማቆሚያ አድርጎት ቁጭ ብሏል።

ስቄ ተውኩት። ሐሙስ ማታ ስብሰባው ያለበት ትምህርት ቤት ስደርስ ግን ከእኔ ሌላ አራት ሐበሾች አገኘሁ። ሁለቱ ኡበር ይነዳሉ። ማታ ማቆሚያ እያጡ ሰፈሩን አሥር ጊዜ የሚዞሩ ናቸው፤ ወረቀቱን ሲያዩ «በመጨረሻ ሰሙን!» ብለው ነው የመጡት። አንደኛው ከተማ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራል። «አዲስ ሊከፍቱ ከሆነ ሰው ይቀጥሩ ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። አራተኛዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነች «እስቲ ሄደሽ ምን እንደሚሉ ስሚልኝ» ብላ ልካቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱ በትክክል ቢተረጎም ኖሮ ከአራቱ አንድም የሚመጣ አይመስለኝም። ለመናፈሻ ብሎ ፈረቃውን የሚያስቀር ሰው እኔ አላውቅም።

ስብሰባው የልጆች ምሳ መብያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበትህ ደረትህ ጋ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የመናፈሻው ካርታ ተለጥፏል። በየጠረጴዛው ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ኩኪስ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አረንጓዴ ነጥብ ሰጡን። የምትፈልገው ነገር ሥዕል ላይ ነጥብህን ትለጥፋለህ። አምስቱንም አንድ ነገር ላይ ብትደረድር የሚከለክልህ የለም። ልጆች የራሳቸው ጠረጴዛ ነበራቸው። አንዱ ሕፃን መናፈሻው ውስጥ ሻርክ እንዲገባ ሥሏል። የንድፍ ባለሙያዋ ሥዕሉን በቁም ነገር ተቀብላ ከሌሎቹ ጋር ለጠፈችው።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ውሻ ያላቸው ለውሻ መሮጫ የሚሆን አጥር ይፈልጋሉ። ልጅ ያላቸው ውሻው ከዥዋዥዌው እንዲርቅ ይፈልጋሉ። ፒክልቦል የሚባለው ቴኒስ መሰል ጨዋታ የያዛቸው ጡረተኞች የቴኒስ ሜዳው እንዲሰጣቸው መጥተዋል፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የኳሱ ጠቅ ጠቅ እንቅልፍ ነሳን ይላሉ። አንድ ሰውዬ የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ተቃወመ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ስለ ድምፅ አወራ፣ ስለ መብራት አወራ፣ ስለ መኪና መጨናነቅም አወራ። ያላለው ነገር ለሁላችንም ተሰማን። ኳስ የሚጫወቱት የማን ልጆች እንደሆኑ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ይህን ሁሉ ሳይ ከጎኔ ያሉት እናት ጎሸም አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እኔም ልናገር እችላለሁ?»

«ይችላሉ እንጂ እማማ፤ ለዚህ አይደል የጠሩን።»

«እንግዲያው ጀርባ ያለው ወንበር በልልኝ።»

ቢጫ ወረቀት አነሳሁ። አሁን ያሉት ወንበሮች ድፍን እንጨት ናቸው፣ መደገፊያ የላቸውም። እሳቸው ቁጭ ካሉ በኋላ ለመነሳት የሚይዙት እጀታ የለም። ጻፍኩላቸው።

«ጨርሰሃል? ደግሞ ፊት ለፊት ይሁን በል። ሁሉንም ወደ መንገዱ አዙረው ነው የተከሉት። ከጓደኛዬ ጋር ስቀመጥ እኮ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነው ወደ ፊት የምናየው። አንገቴን አመመኝ።»

እሱንም ጻፍኩ። ሦስተኛውን በጆሮዬ ነገሩኝ፤ «ሽንት ቤት» አሉኝ። ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ አልገባኝም። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ባለበት አዳራሽ ውስጥ እስከዚያ ሰዓት ሽንት ቤትን ያነሳ ሰው አልነበረም። ቤቱ መናፈሻው አጠገብ ለሆነ ሰው አይታየውማ። ሦስት ብሎክ በእግሩ መጥቶ ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ የሚፈልግ ሽማግሌ ነው የሚያስበው።

ባለሙያዋ የሦስቱን ወረቀት ትርጉም ስነግራት ጎንበስ ብላ እናትየዋን አመሰገነቻቸው። ኒውዮርክ መሀል ያለው ብራያንት ፓርክ በ1992 እ.ኤ.አ. ታድሶ ሲከፈት ሰው እንደፈለገ አንስቶ የሚያዞራቸው ወንበሮች እንደተደረጉበት፣ ከዚያ ወዲህም ሰው በሰው እንደሆነ ነገረችኝ። ተረጎምኩላቸው። «እኔ ኒውዮርክ ምን አለኝ?» አሉኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ ግን አእምሮዬ አዲስ አበባ ነበር።

ባለፈው ጊዜ አገር ቤት ስገባ ያደግኩበትን ሰፈር አላወቅሁትም። ድሮ አንድ ክፍት ሜዳ ነበረን። ስም እንኳ የለውም፤ «ሜዳው» ነው የምንለው። ኳስ የተጫወትነው እዚያ ነው። የመስቀል ደመራ የሚተከለው እዚያ ነው። በዓል ሲመጣ በግ ይሸጥበታል። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን እዚያው ይተከላል። በክረምት ጭቃ ነው፣ በበጋ አቧራ። ጥጉ ላይ የቆሻሻ ክምር ነበር፤ ስለ ሽታው ባላነሳ ይሻላል።

አሁን ንጣፉ የሚያብረቀርቅ አደባባይ ሆኗል። አበባ፣ ፏፏቴ፣ የሚያምር መብራት አለው። ሣሩ ላይ ከረገጥክ ፊሽካ የሚነፋ ጥበቃ አለ። በሦስት ወር ነው ያለቀው አሉኝ። እዚህ በሦስት ወር የሚያልቀው የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ነው።

ዲያስፖራ አይደለሁ? ያው እህቴን ጠየቅኋት፦ «ለመሆኑ ሲሠሩት ጠየቋችሁ?»

«ስብሰባ ጠርተውን ነበር» አለችኝ። ፕላኑ በስክሪን ታየ፣ በጣም ያምራል። ጥያቄ ያለው ተባለ። አንድ ሰው ስለ ካሳ ጠየቀ፣ ሌላው ስለ ውኃ መስመር። ተጨበጨበ፣ ተበተነ።

«ስለ ድንኳኑ ማንም አልጠየቀም?»

«አንተ ደግሞ! ቆሻሻው ይነሳ እንጂ ስለ ድንኳን ማን ያስባል? ማታ ከሥራ ስመጣ መብራት አለ፤ ልጆቹን ይዤ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ድሮ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ታልፍ ነበር?»

አላልፍም ነበር። ዝም አልኩ።

ድንኳኑ ግን መልሶ መጣ። እዚያው እያለሁ አንድ የሰፈራችን ሰው አረፉ። የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ፤ ችካል የሚመታበት አፈር የለም። ሁሉም ንጣፍ ነው። ጥበቃውን ለመኑት፣ አለቃው ጋ ደወለ፣ አለቃው «ለአንድ ቀን» አለ። ለቅሶ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ነው። በመጨረሻ ድንኳኑን ወደ ውስጥ መንገዱ አስገብተው፣ ገመዱን ውኃ በተሞላ ሃያ ሊትር ጀሪካን አሰሩት። ነፋስ በመጣ ቁጥር ጀሪካኑ እየተንፏቀቀ ሁለት ልጆች ላዩ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር።

ይህን የምለው ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የሸገርን ማስዋብ ዕቅድ ይፋ ሲሆን፣ የከተማዋን ወንዞች ተከትሎ 56 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ሲባል፣ ከሳቁት አንዱ ነኝ። ለዕቅዱ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተጠራውን፣ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሆነውን ያንን የቤተ መንግሥት እራትም በፌስቡክ ቀልጄበታለሁ። ከዚያ በ2012 አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ ወዳጅነት ፓርክ ተከተለ፤ እንጦጦም ደረሰ። ሄጄ አየሁ፣ ያምራሉ። አንድነት ሲከፈት መግቢያው 200 ብር ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ አስበው። እህቴ ሰፈር ያለው ግን በነፃ ነው፤ ለዚያም ነው የምትወደው።

ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት በ1969 እ.ኤ.አ. የሕዝብን ተሳትፎ ባለ8 እርከን መሰላል አድርጋ አስቀምጣዋለች። ታችኛው ማታለል ነው። ላይኛው ሕዝቡ ራሱ ሲያዝዝ ነው። ሦስተኛው እርከን ማሳወቅ ነው፤ «ይህን ልንሠራ ነው፣ ጥያቄ ያለው?» እንደሚባለው። አራተኛው ማማከር ነው፤ ይጠይቁሃል፣ ይጽፉልሃል፣ ቃል ግን አይገቡልህም። እንግዲህ የእህቴ ስብሰባ ሦስተኛው ላይ ነው። የእኔው፣ ያ ሁሉ ቢጫ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ነጥብና ኩኪስ፣ አራተኛው ላይ ነው። ልዩነታችን አንድ እርከን ናት! ስንት ዓመት ስመጻደቅባት የኖርኩት ለዚህች ነው።

ስምንተኛው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ድንኳኑን በጀሪካን ያሰረው እድር። ሰብሳቢውን ይመርጣል፣ ገንዘብ ያዡን ይቆጣጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። አንድ ድስት ለመግዛት ግማሽ ቀን ይከራከራል። አባቴ በአንድ ወቅት ስለ ሳህን ብዛት ተነስቶ የተናገረውን ንግግር ሰፈሩ እስከዛሬ ያነሳዋል። መጠየቅና መመካከር ማንም እንዲያስተምረን የሚያስፈልገን ሰዎች አይደለንም። ያ ሜዳ ሲነጠፍ ለእድሩ ጸሐፊ አንዲት ስልክ ቢደወልለት ኖሮ «ከንጣፉ ሥር አሥር የብረት ቀለበት ቅበሩልን» ይል ነበር። ወጪው ምንም ነው። ድንኳን ሲመጣ ገመዱን ታስራለህ፣ ሲነሳ ሰው ይራመድበታል።

ጃንሜዳን ደግሞ አስቡት። ባለሙያ የነደፈው አይመስልም፤ ሜዳ ነው። ጥምቀት ያርፍበታል፣ ገና ይጫወቱበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ አገር አቋራጭ ይሮጥበታል። በ2012 ኮሮና ሲመጣ የፒያሳው አትክልት ተራ እዚያ ገባና ሜዳው ቆሻሻና ጭቃ ሆነ። ለጥምቀት ለማስለቀቅና ለማጽዳት ስንት ሰው እንደተረባረበ ታስታውሳላችሁ። ሰው የተቆጣው ባዶ መሬት ስለተያዘ አልነበረም። ባዶ የመሰለው ቦታ ሥራ ስለነበረው ነው።

ወደ ሜሪላንድ ልመለስ። ስብሰባው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ውጤቱ በኢሜይል መጥቶልን ነበር። ብዙ ነጥብ ያገኘው የውሻው አጥር ነው። ሐሙስ ማታ ስብሰባ መውጣት የሚችለው ማን ነው? ጡረተኛና ውሻ ያለው። ሽንት ቤቱ «ወደፊት የሚታይ» በሚለው ሥር ገብቷል። ወንበሮቹ ጸድቀዋል፤ ጀርባና እጀታ ያላቸው፣ ፊት ለፊት የሚያስተያዩ። ሥዕሉን ራሱ አይቼዋለሁ። ግን እስካሁን አንድ ችካል አልተመታም። በጀቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል፣ ከዚያ ጨረታ አለ፣ ከዚያ የዝናብ ውኃ ጥናት አለ። እናትየዋን ቤተ ክርስቲያን ባገኘኋቸው ቁጥር «ወንበሬስ?» ይሉኛል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እኔ የሆንኩ ይመስል። አሁን የሚታጠፍ ወንበር ገዝተው በጋሪ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ሁለት ነው የሚይዙት፣ አንዱ ለጓደኛቸው። ፊት ለፊት አድርገው ይዘረጉታል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ በራሪ ወረቀት በበሬ ሥር ገባ። ሦስተኛ ዙር ስብሰባ ነው። አማርኛው ተስተካክሏል፤ «መናፈሻ» ይላል፣ ንጹሕ ነው። እናትየዋ ጋ ደውዬ አነበብኩላቸው።

«መቼ ነው?» አሉኝ።

«እሁድ በ10 ሰዓት ይላል።»

«በማን ሰዓት?»

ወረቀቱን ገልብጬ እንግሊዝኛውን ፈለግሁ። በሐበሻ ቢሆን ከቅዳሴ ወጥተን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንደርስ ነበር።

«በፈረንጅ ነው እማማ።»

«በል ተወው እንግዲህ» አሉኝ። «ቅዳሴ ላይ ነን።»