ንባብ ነው ወይስ ጥንቆላ?

ዛሬ «ማወቅ» የተከለከለ ግስ መሆኑን ተምሬ መጣሁ። ሌላ የተማርኩት ነገር የለም። ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝምና ነገ ጠዋት «ምነው እንዲህ አመረርሽ?» ልትሉኝ ያሰባችሁ ሁሉ ከአሁኑ ብትተዉት ይሻላል።

በመምህራን ኮሌጃችን የእንግሊዝኛ ናሙና ትምህርት የማሳይበት ተራዬ ነበር። እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ በየተራችሁ ቀምሳችሁታል። ራሳቸው የበሩን ጉበን የሚነካ ጎልማሶች የሰባት ዓመት ሕፃን ይሆናሉ፣ እኔ መምህርት እሆናለሁ፣ መምህራችን የመመዘኛ ቅጻቸውን ይዘው ከኋላ ይቀመጣሉ። ያ ጢማሙ ልጅ ገና አፌን ሳልከፍት «እማዬ ትምጣልኝ» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ሌላዋ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እውነተኛ ሕፃናት እኮ ከእነዚህ ይልቅ ጨዋ ናቸው።

ትምህርቴ ቀላል ነበር፤ «ኤስ» እና «ኤች» ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱም የራሳቸውን ድምፅ ትተው «ሽ» የሚል አንድ ድምፅ እንደሚሰጡ ማሳየት። ካርዶቹን ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ቀለም ቀብቼ አዘጋጅቻለሁ። ድምፁን አሰማሁ፣ አስደገምኩ፣ ከዚያ አጭር ጽሑፍ ሰጠሁ። ጢማሙ ሕፃን ማንበብ ጀመረና መርከብ የተሳለበት ገጽ ላይ ሲደርስ «ሺፕ» (መርከብ) የሚለውን «ቦት» (ጀልባ) ብሎ አነበበው። ምናልባት ሊፈትነኝ ነው፤ ደስ አለኝ፤ ለዚህ ነው የተዘጋጀሁት። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ተመልከት፤ አንድ ላይ ምን ይላሉ?» አልኩት። «ሽ» አለ። «ቀጥል።» «ሺ... ሺፕ!» አለና አጨበጨበ። እኔም በልቤ አጨበጨብኩ። ያን ጊዜ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። አንቺ አሁን ምን አደረግሽ?»

«ቃሉን ከፊደሉ እንዲያነብ ረዳሁት፣ መምህር።»

«ልጁ ‹ቦት› ብሎ ነበር። ‹ቦት› ምን ችግር አለው?»

«የተጻፈው ‹ሺፕ› ነዋ።»

«ሁለቱም ውኃ ላይ አይሄዱም?»

ክፍሉ ሳቀ። ጠረጴዛ ሥር ያለችው ሳትቀር ሳቀች። «ይሄዳሉ፣ መምህር» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል፣ ይሄዳሉ።

«ስለዚህ ትርጉሙ አልተበላሸም። ንባብ ትርጉም ነው። አንቺ ልጁን ከትርጉም አውጥተሽ የፊደል እስረኛ አደረግሽው። ለምን ሥዕሉን እንዲያይ አልነገርሽውም?»

«ሥዕሉን አይቶ ነው የተሳሳተው። መጽሐፉ ሥዕል ባይኖረውስ?»

«በዚህ ዕድሜ ሥዕል የሌለው መጽሐፍ አይሰጥም።»

«ሲያድግስ?»

«ሲያድግ ሌላ መምህር ይኖረዋል።»

እባካችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቧት። ሲያድግ ሌላ መምህር ይኖረዋል። የሙያው ሥነ ምግባር በሙሉ አራት ቃላት ውስጥ ገባ። እኔ አሳስተዋለሁ፣ የአምስተኛ ክፍሉ መምህር ይቸገራል፣ የስምንተኛው ያባርረዋል፣ ሁላችንም ደመወዛችንን እንቀበላለን።

ይህ የግምት ትምህርት ከየት መጣ ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1967 ኬኔት ጉድማን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ንባብ የግምት ጨዋታ ነው የሚል ጽሑፍ አወጡ። አንባቢ ፊደሉን ሁሉ አይከተልም፤ ከትርጉሙ፣ ከሰዋስውና ከጥቂት ፊደሎች ፍንጭ እየለቀመ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል አሉ። ሲሰሙት ያምራል። ኋላ ግን የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ መሣሪያዎች መጡና ጎበዝ አንባቢ አብዛኛውን ቃል በዓይኑ እየነካ እንደሚያልፍ አሳዩ፤ ቃሉን ለማወቅ በግምት ላይ አብዝቶ የሚደገፈውም ደካማው አንባቢ ሆኖ ተገኘ። ማለት ጎበዝ የሚያደርግ መስሎን ስናስተምር የኖርነው የደካማውን መላ ነው! በአሜሪካ ምክር ቤት ጥያቄ የተቋቋመው ብሔራዊ የንባብ ጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ሪፖርቱን ሲያወጣ አምስት ነገሮችን አስቀመጠ፦ የድምፅ ግንዛቤ (በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይቶ መስማት)፣ የፊደልና የድምፅ ዝምድና፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀት፣ አንብቦ መረዳት። ይህን ሁሉ ያገኘሁት በገዛ ስልኬ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ በገዛ እንቅልፌ ነው። የኮርሳችን ሞጁል ገና 1967 ላይ ቆሞ መርከብ እያየ ይገምታል።

ደግሞ እኮ ትርጉም አያስፈልግም ያለ የለም! እ.ኤ.አ. በ1986 ጎፍና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በአንድ የሒሳብ ስሌት ጨረሱት፤ ፊደሉን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታ ሲባዛ በቋንቋው የመረዳት ችሎታ። ልብ በሉ፣ ሲባዛ እንጂ ሲደመር አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ይህን ለመናገር እጄን ባወጣ «ጊዜ የለንም፣ ወደ ዕቅድሽ እንለፍ» ተባልኩ።

ዕቅዱ! ዕቅዱን ረስቼው። «ዝርዝር ዓላማ» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ተማሪዎች የ‹ሽ›ን ድምፅ ያውቃሉ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«‹ያውቃሉ› አይለካም። በምን ትለኪዋለሽ?»

«ሲያነብቡልኝ።»

«እሱ ማንበብ ነው፣ ማወቅ አይደለም።»

«እሺ፣ ‹ያነብባሉ› ብዬ ላስተካክለው?»

«አሁንማ ረፍዷል።»

ረፍዷል! እስክሪብቶው በእጄ ነው፣ ወረቀቱ ፊቴ ነው፣ እሳቸው ፊቴ ቆመዋል፣ ግን ረፍዷል። ነጥቤ ተቀነሰ። ግሶቹ የትምህርት ዓላማዎችን በእርከን ከመደበው ከአሜሪካዊው ምሁር ከብሉም ዝርዝር መመረጥ አለባቸው ይላሉ። ታዲያ እነብሉም እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ምደባ የመጀመሪያው እርከን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «ዕውቀት»! ወደ ግስ ተለውጦ «ማስታወስ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲከለስ ነው። የመሰላሉን የታችኛውን እርከን ረግጬ ነው ነጥብ ያጣሁት። ይህንንም መናገር ፈልጌ ነበር፤ ግን ጢማሙ ሕፃን እንደገና ማልቀስ ጀመረ።

የሚያንገበግበኝ የኔ ነጥብ ብቻ ቢሆን እኮ ልተወው እችል ነበር። ባለፈው የትምህርት ቤት ምልከታ ላይ አንዲት ልጅ «ይህቺ ጎበዛችን ናት» ተብላ አጠገቤ ተቀመጠች። መጽሐፉን ገጽ በገጽ ትወርደዋለች፣ ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ ነው። ዓይኗን ሳይ ግን ከጽሑፉ በላይ ነው የሚሄደው። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንኩት። ዝም አለች። ፊደሉን አልተመለከተችም፤ የተመለከተችው እኔን ነው። ከዚያ በጣም በትሕትና «እጅሽን አንሺልኝ» አለችኝ። አነሳሁላት፤ ቀጠለች። መምህሯ የምልከታ ቅጼን ፈረመችልኝ፣ ማኅተም ተደረገበት፣ ሰዓቴ ተቆጠረ። የዚያችን ልጅ ነገር የሚጻፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። «የክፍሉ ግድግዳ ያማረ ነው/አይደለም» የሚል ሣጥን ግን አለ።

እና እኔ ነኝ የፊደል እስረኛ የማደርገው?

ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስንማር እንደኖርን አስቡት እስቲ። ሶኔት የሚባለው ግጥም 14 መስመር እንዳለው አውቃለሁ (ይቅርታ፣ «እዘረዝራለሁ»)። የዓረፍተ ነገርን መዋቅር የሚያሳየውን ዛፍ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ እስላለሁ። ደራሲው ሞቷል (ማለት የጽሑፉን ትርጉም የሚወስነው ደራሲው ሳይሆን አንባቢው ነው) የሚለውን ንድፈ ሐሳብ ከነተቃዋሚዎቹ ተንትኜ ገጾች ሞልቻለሁ። አንድ ሕፃን «ቢ»ን እና «ዲ»ን ሲያገላብጥ ምን እንደማደርግ፣ ይህ በጀማሪ ዘንድ የተለመደ እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ ሊያሳስበኝ እንደሚገባ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። በእንግሊዝኛ ከሁሉ የሚበዛውን አናባቢ፣ ያን «ሽዋ» የሚሉትን ዝርክርክ ድምፅ፣ በአንድ ስላይድ አለፍነው። የራሱ ፊደል የለውም፤ ከአምስቱ አናባቢ ፊደሎች በየትኛውም ውስጥ ይደበቃል፤ ልጆች ፊደል ሲጽፉ የሚደናገሩበት አንዱ ትልቁ ምክንያት ነው። አንድ ስላይድ። ሥዕሉ ከጽሑፉ ይበልጥ ነበር።

የሚቆጨኝ ደግሞ የእንግሊዝኛ ታሪክ የሚባለው ኮርስ ነው። ምርጫ ነው፣ ግን ሁሌም ከግዴታው ኮርስ ጋር በአንድ ሰዓት ይወድቃል፤ ስለዚህ ማንም አይመርጠውም፤ ማንም ስለማይመርጠው «ፍላጎት የለም» ይባላል። ልጅን የሚያሳምን መልስ ያለው እኮ እዚያ ነው! ልጅ «ይህ ‹ጂ ኤች› የማይነበብ ከሆነ ለምን ይጻፋል?» ብሎ ሲጠይቅ «እንዲሁ ነው፣ ሸምድደው» ከማለት፣ «ድሮ ይነበብ ነበር፤ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበረው፤ ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ ቀረ» ማለት አይሻልም? እ.ኤ.አ. በ1476 ካክስተን የተባለው አታሚ የመጽሐፍ ማተሚያውን እንግሊዝ አገር ሲተክል የአናባቢዎቹ ድምፅ ገና በመለወጥ ላይ ነበር፤ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፣ አነጋገሩ ጥሎት ሄደ። እኛ ፊደላችን ውስጥ ሀ፣ ሐ እና ኀን ተሸክመን የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት የሌላ ሰው ምስክርነት አያስፈልገንም። ግን ኮርሱ ምርጫ ነው። ግዴታው «የማስተማሪያ ክፍል አደረጃጀት ሁለት» ነው። አንድም ነበረው፤ ልዩነታቸውን የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላው ይጠብቀኛል። «የምታስተምሪው ትንንሽ ልጆችን አይደል? እንግሊዝኛው ኤ ቢ ሲ ዲ ነው፤ ምኑ ይከብዳል?» እሺ አጎቴ። 26 ፊደሎች አሉ፤ ድምፆቹ ወደ 44 ይጠጋሉ፤ ትርፎቹን የት እንደማኖራቸው ይንገሩኝ። ለነገሩ አጎቴም መምህሬም አንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ፊደል ማስተማር እውቀት የማይጠይቅ ሥራ ይመስላቸዋል። አንዱ ቀላል ነው ብሎ ይንቀዋል፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው ብሎ ያልፈዋል። ልጅ ፊደል ሳይለይ ቢያድግ ግን ጥፋተኛው ማን እንደሚባል እናውቃለን፤ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርቷ።

በሁለተኛው ዓመት እኮ ተስፋ ነበረኝ። አሁን ዝርዝር ዓላማዬን ከዝርዝሩ ገልብጬ፣ ሣጥኑን ሞልቼ፣ «ሥዕሉን ተመልከት» ብዬ፣ ሙሉ ነጥቤን ወስጄ ልውጣና ከዚያ በራሴ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ በትክክል ላስተምር ወደሚል ሐሳብ እየገባሁ ነው። ኮሌጅ የገባሁት ለዚህ አልነበረም፤ ግን ደክሞኛል።

የዛሬው ደግሞ አላለቀም። ነገ «ከተሰጠኝ አስተያየት ምን ተማርኩ» የሚል የግል ግምገማ ማስገባት አለብኝ፤ ስሜትሽን በነፃነት ግለጪ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የፋይሉ ስም በተባለው አጻጻፍ ካልሆነ አይታረምም ይላል። በነፃነት እገልጻለሁ፣ በተባለው አጻጻፍ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ «መርከብና ጀልባ ሁለቱም ውኃ ላይ እንደሚሄዱ ለይቼ እዘረዝራለሁ» ነው። ይለካል።

የቡድን ሥራውንም የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። በማቅረቢያው ዕለት ብቻ ብቅ ብሎ «እናመሰግናለን» የሚለውን ስላይድ የሚያነብልን ወንድማችን ይህን እያየ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከታች አረንጓዴ መብራትህ ይታያል። የድምፅ ግንዛቤ ክፍሉ ያንተ ነው፣ አራት ገጽ ነው፣ ከየትም እንዳትገለብጥ። እስከ አራት ሰዓት ካልላክህ ስምህን ከሽፋኑ ላይ አወጣዋለሁ፤ ኋላ ደውለህ ብትለምነኝ ረፍዷል ነው የምልህ።