እርማት፦ «ውክልና ይበቃል» ለምትሉ

«አዳማ ላይ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ስም አታዛውሩ፤ ውክልና ይበቃል፣ ወጪ ትቆጥባላችሁ» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። ወገኖቼ፣ ይህ ልክ አይደለም። ውክልና ባለቤት አያደርግም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2226 መሠረት ወካዩ፣ ማለትም ሻጩ፣ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ የሻጩ ስም እስካለ ድረስ፣ ለእሱ ያበደረው ሰው መኪናዋን በፍርድ ቤት ሊያሳግዳት ይችላል። ስም ማዛወሪያውን ቆጠብኩ ያለ ገዢ ያኔ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይንከራተታል።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ጋር የመኪናዋ ፋይል ወዳለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱ፤ እገዳ ወይም የባንክ ዕዳ ካለባት ጠይቁ። ኮፈኑን ከፍታችሁ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የተፋቀ ቁጥር ካያችሁ ተዉት።