ቀለም ሻጩ «ያው ቲነር ነው» ብሎኝ እርፍ!

ቆይ ግን፣ ሰው ቀለም መሸጫ ሲገባ ለምን እንደሚገዛው መናዘዝ አለበት እንዴ? አሁን ከደሴ ፒያሳ መግባቴ ነው። ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ፖቴዟን ታውቋታላችሁ፣ የምገጥማትን የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል። ታላቅ እህቴ ከጀርመን የላከችልኝ፣ ባለፈው አካሏን ገጥሜ ፎቶዋን የለጠፍኩላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም «ዋው፣ ስንት ይሸጣል?» ያላችሁኝ። (ወደ እናንተ እመጣለሁ፣ ቆዩ።) እሷ አለቀላት። የላይኛው ክንፏ ገንፎ ሆኗል።

ለዘይት ቀለም ማቅጠኛ የነበረኝ አኳራጅ አለቀ። ሄድኩ። «አኳራጅ» አልኩት፣ ጥርት አድርጌ። «ናይትሮ ቲነር እንዳይሆን አደራ፣ ፕላስቲክ ይበላብኛል» አልኩት። «አብሽር ወንድሜ!» አለኝ። ጓዳ ገብቶ በሃይላንድ ቀድቶ አመጣልኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው ምን ይላል? «የተፈጥሮ ውሃ»። የደሴ ብርድ ጉንፋን ለቆብኝ አፍንጫዬ ከተደፈነ ሰንብቷል፤ ቤንዚን አጠገቤ ቢደፋ አላውቅም። ማታ ጥጥ ነከር አድርጌ፣ የእጄን ወዝ ላስለቅቅ ክንፉን ጠረግ ሳደርገው ጥጡ ያዝ አደረገኝ። ሳብ ሳደርገው እሺ አለ፣ ግን ክሩን እዚያው ትቶ ነው የተነሳው። ሽበት ያበቀለ ክንፍ!

የእውነተኛዋ ፖቴዝ ክንፍ የእንጨት አጥንት ነው፤ በላዩ ጨርቅ ተወጥሮበታል። ስለዚህ ፋብሪካው እነዚያን አጥንቶች ቀጭን ቀጭን ጉብታ አድርጎ አውጥቷቸዋል። በጥፍርህ ብትዳስሳቸው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የመሃሎቹ አሁን የሉም። ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥጥ የተጣበቀበት ሜዳ። ጫፉ ደግሞ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ፖሊስታይሪን፣ ማለት የሞዴሏ ፕላስቲክ፣ ናይትሮ ሲያገኘው እንዲህ ነው፣ ይሟሟል። ይሄንን ነው እኮ አስቀድሜ የነገርኩት!

እሺ። ዛሬ ሄድኩ። ተረጋግቼ ነው የገባሁት፣ ወላሂ።

«ትናንት የሰጠኸኝ አኳራጅ አይደለም።»

«እሱ አልቆብኝ ነበር። ያው ቲነር ነው።»

«ያው አይደለም! ነግሬህ ነበር።»

«ምንህ ተበላሸ ታዲያ? በር ነው መስኮት?»

«አውሮፕላን።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የቀለም ባልዲ ገልብጠው የተቀመጡ ሦስት ቀቢዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ከስልካቸው ቀና አሉ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይስቅ፣ «አየር ማረፊያው ኮምቦልቻ አይደል እንዴ? እዚህ የት አሳርፈኸው ነው?» አይል መሰላችሁ! ያን ጊዜ ነው ቤቱ የፈረሰው። እኔም ትንሽ ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ልክድ አልችልም፤ ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን ስልኬን አውጥቼ ክንፉን ሳሳየው ሻጩ ምን አለ?

«እ፣ መጫወቻ ነው እንዴ! እኔ ደግሞ። ልጁ አለቀሰ?»

«የምን ልጅ?»

«ልጅህ ነዋ።»

«ልጅ የለኝም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የኔ።»

ያቺን «የኔ» ስል ድምፄ እንዴት እንደቀጠነ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። አዘነልኝ! እጁን ኪሱ ከቶ መቶ ብር አወጣና «እንካ፣ ሌላ ግዛ፣ አትቀየመኝ» አለኝ። መቶ ብር! ዕቃው በዩሮ ተገዝቶ፣ ሰው በሻንጣው ተሸክሞ፣ እዚህ እስኪደርስ እኔ ጾሜን አድሬ! የክንፉ መለዋወጫ ብቻውን አይሸጥም፣ ሳጥኑ ሙሉውን ነው እንደገና የሚገዛው። ይሄን ላስረዳ ስጀምር አንደኛው ቀቢ «መለዋወጫ ከሆነ ጋራዦቹ ጋ ጠይቅ» አለኝ።

ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ከዘራቸውን ወደ ስልኬ ጠቆም አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጣሊያን ደሴን የደበደበበት ነው?» አሉኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የሚባል እሳቸው ብቻ ናቸው! ልቤ ቀጥ አለ። «አይደለም አባቴ፣ እንዲያውም የኛው ናት» አልኳቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ እዚሁ እያሉ ከተማው ሲደበደብ፣ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ የዚያ ጦርነት የጣሊያን ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ ባለ አንድ ክንፍ ነው፣ ክንፉ ከላይ ነው። ጣሊያን ክንፍ በክንፍ የተደረበ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፣ ሮ 37 የሚባለው ለቅኝት የሚሄደው አለ። ይህቺ ግን ፖቴዝ 25 ናት፣ የፈረንሳይ ሥራ፤ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስታ የመጣችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ከዚህ ዓይነት ነች።

አባቴ አሰብ አደረጉና «ታዲያ ያን ለት የት ነበረች?» አሉኝ።

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ! መልስ ነበረኝ እኮ። በጣት የሚቆጠሩ እንደነበሩ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ ያልታጠቁ፣ መልእክትና ሰው ማመላለሻ እንደነበሩ፣ በዚያ ላይ ካፕሮኒን ልግጠም ማለት ራስን ማጥፋት እንደሆነ። አፌን ከፈት ሳደርግ ሻጩ «አባ ይተዉት፣ መጫወቻ ነው የሚሠራው» ብሎ ቆረጠኝ። እሳቸውም «እህ» ብለው ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። እንደ ክንፉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከክንፉም ይብሳል።

ገንዘቤን መልስ ስለው ደግሞ «የተከፈተ አንመልስም» አለኝ። ሃይላንድ እኮ ነው! ማን አሸገው?

ይሄ «መጫወቻ» የሚባለው ነገር የዛሬ ብቻ አይደለም። ባለፈው አረፋ የመጣች ዘመዳችን፣ ስሟን አልጠራም፣ ታይገር ሞዝ የምትባለዋን ሌላ ሞዴሌን ከመደርደሪያ አንስታ ለልጇ ሰጠችው። «ኧረ ተሰባሪ ናት» ስል «ልጅ ከሚያለቅስ ፕላስቲክ ቢሰበር» አለችኝ፣ እናቴም በአንገቷ አጸደቀች። ልጁ «ቪዪዪው» ብሎ ከሰገነቱ ለቀቃት። ጎረቤታችን ደግሞ ግላዲያተር የምትባለዋን ሞዴሌን «ለልጄ ልደት ኬክ ላይ ላስቀምጣት፣ ማታ እመልስልሃለሁ» ብላ ጠይቃኛለች። ክሬም ላይ! የእንግሊዝ አየር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን! ቡፌው ውስጥ መስታወት ጀርባ ላስቀምጣቸው ስል ለዓመት በዓል ካልሆነ የማይነኩ ሲኒዎች ይቀድማሉ። እቃው አዲስ አበባ ሲደርስ የፈተሸው ሰውዬ «ድሮን ነው?» ብሎኛል፤ በዚህ ጊዜ፣ እዚህ አገር፣ ያቺን ቃል ጮክ ብሎ! የእውነተኛዋ ፖቴዝ ሎሬይን ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ የኔዋ የአንድ ዝንብ ጉልበት የላትም ጌታዬ፣ አትዞርም፣ ማስቲሽ ናት።

የፀጉሩንማ ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በክንፎቹ መሃል የሚወጠረው ሽቦ አለ አይደል? ለጌጥ አይደለም። ግማሹ አየር ላይ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይገነጠል ይይዛል፣ ግማሹ መሬት ላይ ወደ ታች እንዳይወርድ። ያለ እሱ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን የእንጨት ክምር ነው። በ1:72፣ ማለት ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ባነሰ ልክ፣ ደግሞ ተራ ክር ብትወጥር ገመድ ይመስላል። ፀጉር ግን ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ አይሞላም፤ በ72 ብታባዙት ልኩን ይመጣል። ስለዚህ ከታናሽ እህቴ ማበጠሪያ ላይ ረዣዥሞቹን እየለቀምኩ በወረቀት እጠቀልል ነበር። እናቴ አገኘችው። የሴት ፀጉር፣ መርፌ፣ የቀለጠ ሻማ፣ በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ! ጎረቤት ተጠራ። «ወዳጃ (ዱዓ) ይደረግለት» ተባለ። እኔ ሥዕሉን እያሳየሁ ስለ ሽቦ ሳስረዳ እናቴ ታለቅሳለች። አሁንም ድረስ እህቴ ከኔ ፊት አታበጥርም።

ወደ እናንተ ልምጣ። «ማን ያየዋል፣ ለምን ትደክማለህ» የምትሉ። የፖቴዟ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእውን 14 ሜትር ከ14 ሳንቲም ነው፤ ለ72 ስታካፍሉት 20 ሳንቲም አይሞላም። እዚያ ላይ አንዷ ድጋፍ እንጨት አንድ ሚሊሜትር ከዘመመች በእውነተኛዋ ሰባት ሳንቲም ማለት ነው። የቤት ቀለም ግማሽ ሚሊሜትር ብትለጥፍባት ከሦስት ሳንቲም ተኩል በላይ ልስን! አውሮፕላን በልስን አይበርም። «የታችኛውን ክንፍ ለምን አሳጠርከው» ላልከኝም ወንድሜ፣ እኔ አልቆረጥኩትም፣ ስትፈጠርም የታችኛው ያጥራል። «አግባ፣ ይተውሃል» ላላችሁኝ መልስ የለኝም፣ አላህ ያግባችሁ። ከሰዓቱን ሙሉ በርጫ ላይ ተጎልቶ ማታ «ጊዜህን አታባክን» ብሎ የጻፈልኝን ሰው ግን ስሙን ባወጣው ደስ ባለኝ። አንተ ስትቅም እኔ ጎማ ቀባሁ፤ ማን ነው ያባከነ?

ሰሞኑን ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሰፍሮብናል፣ የቀባሁት ሁሉ አይደርቅ፣ የደረቀውም ወዙ ጠፍቶ አመድ መስሏል። ክንፉን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ አጥንቶቹን ከቀጭን ክር እንደገና ላወጣቸው እሞክር ይሆናል። ይሆናል። ወይም ሁሉንም ሳጥን ውስጥ ከትቼ አልጋ ስር እገፋታለሁ፣ እናቴም ዕልል ትላለች። እህቴን ሌላ ላኪልኝ ማለት አልችልም፤ ያችም ቤት ኪራይ አለባት።

ሻጩን ግን አልተውኩትም። መቶ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ «ወንድሜ፣ ለአውሮፕላኑ ጎማ የሚሆን ጥቁር መጥቷል!» ብሎ ጠራኝ። ከልቡ ይሁን እያሾፈ አላወቅኩም። የማያብረቀርቅ ጥቁር ደግሞ ያስፈልገኛል፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ዞርኩ። ትንሿ ቆርቆሮ አንድ ሊትር ናት አለኝ። አንድ ሊትር! ጎማዋ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥ!

አሁን ጉዳዬ፦ በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመጣ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ። አኳራጅ፣ ግማሽ ሊትር ይበቃል፣ ከነእሽጉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ሳታሸቱ እንዳትከፍሉ። ለምን እንደሆነ ከጠየቋችሁ ለበር ነው በሉ።