ቋንጃዬ ላይ ያለውን እብጠት ሁሉም ይነካካል፤ ጉልበቴን የሚመረምር ግን ጠፋ

ከጉልበቴ ጀርባ፣ ቋንጃዬ ላይ፣ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዤ መኖር ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ። ሕመሙ ቀላል ባይሆንም እንደምንም እችለዋለሁ። ውስጤን የሚያቃጥለው ግን ያየኝ ሁሉ እብጠቱን ነካክቶ፣ ማስታገሻ ጽፎ፣ እብጠቱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚሸኘኝ መሆኑ ነው።

አስተማሪ ነኝ፤ እንጀራዬ የሚጋገረው ቆሜ ነው። ጠዋት ደህና የነበረው እግር ከቀትር በኋላ ከጀርባው መወጠር ይጀምራል፤ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ወደ ተማሪዎቹ ስዞር እግሬን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ያቅተኛል። የምኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነውና ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይብስብኛል፤ የደረጃውን ብረት ይዤ ደህነኛውን እግር አሳርፌ ታማሚውን አስከትላለሁ። ታክሲ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ ከተቀመጥኩ በኋላ መውረጃዬ ሲደርስ እግሬ ወዲያው አይዘረጋልኝም፤ ረዳቱ «ማዘር ፈጠን በይ» ይላል፤ ከኋላ ያለው ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። በሕማማት ሰሞን መስገድ አልቻልኩም፤ ሲሰገድ ግድግዳውን ተደግፌ መቆሜ ከሕመሙ በላይ አሳዝኖኛል። ቁስል ወይም ጄሶ የሌለበትን ሕመም ሰው አያይልህም፤ ወንበር የሚለቅልህም የለም።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ ደግሞ ምርመራው ራሱ ያናድዳል። አንዱ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ እንደታጠፈ ዳሰሰኝና «ምንም የለም» አለኝ። ይህ እብጠት እግር ሲዘረጋ ይጠጥራል፣ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ ይለሰልስና ይሰወራል፤ ስለዚህ በሽተኛው በሆዱ ተኝቶ ወይም ቆሞ፣ እግሩን ዘርግቶም አጥፎም መታየት አለበት። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው ራጅ አዘዘልኝ፤ ራጅ ግን አጥንት እንጂ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት አያሳይም። በመጨረሻ አልትራሳውንድ የታዘዘልኝ ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ነው ቤከርስ ሲስት የሚባል መሆኑ የታወቀው።

እንግዲህ ይህ ትናንት የተገኘ በሽታ አይደለም። ዊልያም ሞራንት ቤከር የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪም ስለዚህ እብጠት የጻፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 ነው፤ እሱም ያኔ ከታመመ መገጣጠሚያ ጋር አያይዞታል። ጉልበት ውስጥ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ሜኒስከስ የሚባለው ልም አጥንት ሲቀደድ፣ ወይም የአጥንቱ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ፣ ወይም እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለ ብግነት ሲነሳ ጉልበቱ ፈሳሹን ከልክ በላይ ያመነጫል፤ ትርፉም በባት ጡንቻና በጭን ጅማት መካከል ወዳለች ከረጢት ይገፋል። የከረጢቷ መግቢያ ብዙውን ጊዜ ፈሳሹን ያስገባል እንጂ በቀላሉ አይመልስም። በልጆች ላይ ሌላ በሽታ ሳይኖር እብጠቱ ሊወጣና በራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ በአዋቂ ላይ ሲወጣ ግን ጉልበቱ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። «ዕድሜ ነው፣ ክብደትዎን ይቀንሱ» ተብሎ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

ፈሳሹም ተቀድቶልኛል። ወፍራም መርፌ ቋንጃዬ ውስጥ ገብቶ ቢጫ፣ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ሲስብ አይቻለሁ፤ እግሬ ቀለለኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ተመልሶ ሞላ። ምንጩ እስካልተነካ ድረስ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። አሁን ደግሞ «ቆርጠን እናውጣው» የሚል ምክር መጥቷል፤ በጉልበቱ ውስጥ ያለው ችግር ሳይታከም ከረጢቱ ብቻ ቢወጣም መልሶ የማበጥ ዕድሉ ብዙ ነው። ለቢላዋ የተቻኮለ ሰው ለምርመራ ለምን እንደማይቸኩል አይገባኝም።

የጎረቤቶቼን ደግነት አውቃለሁ፤ «ልጄ፣ ጅማትሽ ዞሮ ነው፣ ወጌሻ ይሽው» የሚሉኝ ከልባቸው ነው። ወጌሻ ብዙ ሰው መርዳቱን አልክድም፤ ይህን ግን ማሸትም ሆነ በዋግምት ማስነካት አደገኛ ነው። እብጠቱ ቢፈነዳ ፈሳሹ ወደ ባት ይወርዳል፤ ባት ያብጣል፣ ይግላል፣ ክፉኛ ያማል፤ ይህም ከእግር ደም መርጋት ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው። የረጋ ደም ደግሞ ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል፤ ሁለቱን በዓይን መለየት ስለማይቻል ባቱ በድንገት ያበጠበት ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በዚያ ላይ ከጉልበት ጀርባ ያበጠ ሁሉ የውሃ ቋጠሮ አይደለም፤ ትልቁ የደም ሥር ሰፍቶ የሚመታ እብጠት ሊሆንም ይችላል። በአልትራሳውንድ ያልታየን እብጠት መብጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ማስታገሻውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ዳይክሎፌናክ ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ይሸጣል፤ ጨጓራሽን ያምሻል ወይ፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የመድኃኒት ባለሙያ የለም።

ጉልበቴን ራሱን አጥፎና አዙሮ፣ የት ላይ እንደሚያመኝ ጠይቆ የመረመረኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የጭኔን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሰጠኝ፤ ሕመሙ ሲብስ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ እንድይዝ፣ ቁጢጥ ከማለት እንድቆጠብ ነገረኝ፤ ሜኒስከሱ ሳይቀደድ እንዳልቀረም ጠርጥሮ ኤምአርአይ እንድነሳ መከረኝ። ዋጋው ለአስተማሪ ደመወዝ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለእቁብ የማወጣውን አቁሜ እያጠራቀምኩ ነው። ውጤቱን ይዤ ስቀርብ ሐኪሙ መጀመሪያ እንዲመልስልኝ የምፈልገው ጉልበቴ ውስጥ ምን እንደተበላሸ፣ በጉልበቱ ውስጥ የሚሰጠው፣ ብግነት የሚያበርደው የስቴሮይድ መርፌ ይጠቅመኝ እንደሆነ፣ ወይስ ሜኒስከሱ በካሜራ በሚደረግ ቀዶ ጥገና መታከም እንዳለበት ነው። ይህ ሳይመለስልኝ ለቀዶ ጥገና ፊርማ አልሰጥም።