ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን ምን ያስቀድም፦ ብሬል ወይስ ኮምፒውተር?

አንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ቢያገኝ በምን ላይ ያውለው፦ በብሬል (በጣት እየተዳሰሰ በሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ) ወይስ በኮምፒውተር? ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። አንዱ ለብዙ ዓመት ያስተማሩ መምህር፣ ሌላዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ተማሪዋ፦ ኮምፒውተር ይግዛ። ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ብሬል ቦታ ይበላል። በአማርኛ ብሬል የአብዛኛው ፊደል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፍ፣ ወረቀቱም ወፍራም ስለሆነ፣ አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር (በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ግን በነፃ ይጫናል፣ አማርኛም ያነባል። ፈተና ሲደርስ የሚያነብልን ሰው ፍለጋ ደጅ መጥናት እንዴት እንደሚያሸማቅቅ እርስዎም ያውቁታል። እኔ አንዴ አንባቢዬ ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ ሃንድአውቱን አንድ ገጽ እንኳ ሳልሰማ ነው ፈተና የገባሁት።

መምህሩ፦ አውቀዋለሁ ልጄ፣ እኔም ደርሶብኛል። መስማት ግን ማንበብ አይደለም። እስቲ ለማሽኑ «አለ» የሚለውን ስጪው። ተናገረ ማለት ነው ወይስ ይገኛል? ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ቃሉን በጣቴ ሳገኘው ግን ፊትና ኋላውን ዳብሼ እኔው አጠብቀዋለሁ ወይም አላላዋለሁ። በጆሮ ብቻ የተማሩ ልጆችን ድርሰት አርሜያለሁ፤ ሐሳባቸው ግሩም ነው፣ ቃል ከቃል የት እንደሚለያይ ግን ግራ ይገባቸዋል። ፊደሉን ነክተውት አያውቁማ!

ተማሪዋ፦ ይሄ እውነት ነው። ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ብሬል በጣት መቁጠር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2020 ተቀብላዋለች። መንፈሱ ቤተ መጻሕፍት የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠብቅ እኛ ልናነበው በምንችለው መልክ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ነው። ሶፍት ኮፒ ደግሞ በአንድ ቀን መቶ ሰው ጋ ይደርሳል።

መምህሩ፦ ሶፍት ኮፒው የታለ? የድሮዎቹ የአማርኛ ፋይሎች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ ስክሪን ሪደሩ ሲያነባቸው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው የሚያዘንበው። ስካን የተደረገው ደግሞ ለሱ ፎቶ ነው፣ ዝም ይላል። የሚነበብ ሳይኖር ኮምፒውተር መደርደር ምን ይፈይዳል?

ተማሪዋ፦ እንግዲያው መጀመሪያ የሚተይብና የሚያርም ሰው ይቀጠር። በዩኒኮድ አንዴ በደንብ የተተየበ ፋይል በድምፅም ይነበባል፣ በብሬልም ይታተማል።

መምህሩ፦ በዚህስ ተስማምተናል። የሚታተመው ግን ቅድሚያ ለትንንሾቹ ይሁን። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ጣቱ ሥር ነጥብ ያስፈልገዋል።

ተማሪዋ፦ ለነሱ ይታተም፣ አልቃወምም። ሰኞ ፈተና ያለበት ተማሪ ግን ጥራዝ እስኪታተም መጠበቅ አይችልም፣ ጋሼ።