ስለ ጨው ሊጡ አንድ ነገር ልጨምር

ከልጆች ጋር የበዓል ስጦታ ቤት ውስጥ ስለመሥራት የተጻፈውን በጣም ወድጄዋለሁ፤ በተለይ የጨው ሊጡን፣ ማለትም ቅርጽ አውጥተን ለስጦታ የምናደርቀውን የማይበላ ሊጥ። እኛ የምንጠቀመው 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨውና 1 ኩባያ ውሃ ነው። ውሃውን ግን አንዴ አትገልብጡት። ትንሽ በትንሽ ጨምሩ፤ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ይበቃዋል። ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ጠፍጥፉት። ክር የሚገባበትን ቀዳዳ ደግሞ ሳይደርቅ ብሱት። እኔ ከደረቀ በኋላ ልብሳው ስል ለሁለት ተሰነጠቀና ልጄ ምርር ብላ አለቀሰች። ኦቨን ካለ 100 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፤ ከሌለ እያገላበጡ ጥቂት ቀን ማድረቅ ነው። ጨው ስለሚበዛበት ሕፃናትም ውሻም አፋቸው እንዳያስገቡት አደራ!

ደግሞ እባካችሁ፣ ልጆቹ የሠሩትን አታስተካክሉባቸው። ልጄ ለአያቷ የእጇን አሻራ ሊጡ ላይ ስታትም አውራ ጣቷ ተንሸራቶ ረዘም ብሎ ወጣ። ላስተካክለው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እንኳን ተውኩት። አያቷ ስጦታውን ባነሳች ቁጥር የምትዳብሰው ያቺን የተንሸራተተች ጣት ነው።